ቁልቁለት ላይ የቆመች ቮልስ

መኪና በሁለት ይከፈላል። የሚገፋና የማይገፋ። ስለ ፈረስ ጉልበቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፍጥነቱ የሚያወሩላችሁን ሰዎች ስሟቸው፤ ወሬ አይከለከልም። እኔ ግን መኪና ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን ኋላውን ነው። እጅ የት ይይዛል? ትከሻ የት ያርፋል? አልነሳም ያለ ዕለት ስንት ሰው ይበቃዋል? ልማድ ነው። ሌላው ሰው መኪናን የሚያውቀው ተሳፍሮበት ነው፤ እኔ ያወቅሁት ገፍቼው ነው።

ነገሩ በቆጂ ነው። በቆጂን የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁም ሯጮቿን ታውቃላችሁ። ለምን እንደሚሮጡ ብዙ ተብሏል፤ እኔ በበኩሌ እንዲሞቃቸው ይመስለኛል። በእኔ ጉርምስና የበቆጂ ብርድ ሰውን ብቻ ሳይሆን ሞተርንም ያደርቅ ነበር። ገብስ ሊጭን መጥቶ እዚያ ያደረ መኪና ጠዋት በራሱ አይነሳም። ስለዚህ ሥራ የሌለን ጎረምሶች ጎህ ሲቀድ መናኸሪያው ጥግ ተኮልኩለን እንጠብቃለን። ሹፌሩ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ገብቶ ይቀመጣል፤ እኛ እንገፋለን። ሞተሩ ሲነሳ ረዳቱ ለሻይና ለዳቦ የምትሆን ነገር ወርውሮልን ይሄዳል። መኪናው ሁሉ በራሱ የተነሳ ዕለት ዳቦ የለም። በሰው መኪና ጤንነት የሚያዝን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ እዩኝ።

ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አልናገርም። ለምን ብቻዬን እንደነበርኩ፣ የት አድር እንደነበር፣ ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መኪናው ሲነሳ ከኋላ ለሚገፋ ሰው ምን እንደሚደርሰው የሚያውቅ የገፋ ብቻ ነው። ጭስ ነው የሚደርሰው። መኪናው ይሄዳል፤ ገፊው ጭሱን ጠጥቶ ይቀራል። ሹፌሩ ዞሮ አያይም፤ ቢያይ ሞተሩ ይጠፋበታል። ያኔ ነው ለራሴ የማልኩት፦ መኪና የገዛሁ እንደሆነ ሰው አይገፋልኝም።

ገዛሁ። አሰላ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ ካገባሁም ከዓመታት በኋላ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ገብስማ ቮልስ ገዛሁ። ያኔም አሮጌ ነበረች። ባትሪዋ በአንድ ሌሊት ብርድ የሚረታ ነው። መሐላው ደግሞ አለ። ምን ይደረጋል? ቁልቁለት ፈለግሁ። ሰው ቤት ሲከራይ ውሃ አለው ወይ፣ መብራት አለው ወይ ይላል፤ እኔ “ቁልቁለት አለው ወይ?” እያልኩ የአሰላን ደላሎች መሳቂያ ሆንኩ። ይሳቁ። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና ቁልቁለት አላጣሁም። ማታ ቮልሷን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ ደጄ ላይ አቆማታለሁ። የእጅ ፍሬኗ ስለማይታመን ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይገባል። ጠዋት ድንጋዩ ይነሳል፤ ትንከባለላለች፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅቀው ሞተሩ ይነሳል። ማንም አልገፋ፣ ማንም ጭስ አልጠጣ።

“ድንጋዩ ይነሳል” ስል ማን እንደሚያነሳው አልነገርኳችሁም። አስካለ ነበረች፤ ባለቤቴ። ድንጋዩን ከወንዝ ዳር መርጣ ያመጣችውም እሷ ናት፤ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ለጎማ የሚመች ጎድጓዳ ነው። ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ጎንበስ ትልና ወደ ጎን ስባ ታወጣዋለች፤ ሰው እንዳይወስደው ከአጥሩ በር ጀርባ ታስቀምጠዋለች፤ ከዚያ ትሮጣለች። እኔ መንከባለል ጀምሬያለሁ። በሩን ከፍቼላታለሁ። ዘላ ትገባና ትስቃለች። በየቀኑ። አንድ ሰው በአንድ ነገር ይህን ያህል ዓመት እንዴት እንደሚስቅ አላውቅም። እኔ አልስቅም ነበር፤ መሪ ይዣለሁ።

ካቻምና ክረምት አስካለ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ አልተነሳም። የአጥር ጎረቤቴ ከድር፣ ልብስ ሰፊው፣ በመጀመሪያው ሰሞን መጥቶ “እኔ ላንሳልህ፤ ስፌት እንደሆነ ይደርሳል” ብሎኝ ነበር። “ተወው” አልኩት። ተወው። ቮልሷ ቁልቁለቱ ላይ አፍንጫዋን ደፍታ ቀረች። አሁን ከሥሯ የከድር ዶሮ እንቁላል ትጥላለች።

አንድ ልጅ አለን። ብሩክ ይባላል፤ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ድሮ በአውቶቡስ ሲመጣ አቧራውን አራግፎ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ሁለት ቀን ሰንብቶ ይመለስ ነበር። መንገዱ ሲያምር አንድ ቀን ሆነ። መኪና ሲገዛ ለምሳ መጥቶ ከምሳ በኋላ መሄድ ጀመረ። ሰዉ ሁሉ “ድሮ ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር፣ አሁን ቅርብ ሆነ” እያለ ይደሰታል። እኔም እደሰታለሁ። ብቻ መንገድ ሲያጥር ጥየቃም አብሮ እንደሚያጥር የነገረን የለም። ከእሱ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። አንድ ሌሊት እንዲያድር። አልነገርኩትም። እኔ እንዲህ ያለውን አልናገርም።

በአንድ እሑድ ረፋዱ ላይ ከታች በኩል አንበሳ የሚያስታውክ የሚመስል ድምፅ መጣ። ወጣሁ። ከድርም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። የበሰለ ብርቱካን የመሰለ መኪና ዳገታችንን ወጥቶ ከቮልሷ ጎን ተገተረ። ስፖርት መኪና ነው። ስሙን ብሩክ ነግሮኛል፤ አልያዝኩትም። ከፊት ሁለት ወንበር፤ ከኋላ ወንበር የለም። ከፍታው እስከ ወገቤ ነው። ከድር ዞር ዞር ብሎ አየውና፦

“አቦ፣ ይሄ መኪና ቆሟል ወይስ ተቀምጧል?” አለ።

ብሩክ እየሳቀ ወጣ። ወጣ ስል ተሳበ ማለቴ ነው።

“የማን ነው ብሩኬ? ያንተ ነው?”

“የጓደኛዬ ነው ጋሽ ከድር። አባዬን ላሳየው ብዬ ለምኜው ነው። ማታ እመልሳለሁ።”

“እንግዲያማ የሰው ወርቅ አያደምቅም! የአባትህ ቮልስ ብትቆምም የራሱ ናት።”

እኔ የሰማሁት “ማታ” የምትለዋን ነው።

ብሩክ ወደ በቆጂ መውጫ ወስዶ አንሸራሸረኝ። ውሸት አልወድም፤ መኪናው ይሮጣል። የስንዴው ማሳ አንድ ቢጫ ጨርቅ ሆኖ አለፈ። ዳገቱ ዳገት መሆኑ አልታወቀም። ቮልሷ ያንን ዳገት ስትወጣ የሚያጋጥማችሁን ሰው ሰላም ብላችሁ፣ እናቱን ጠይቃችሁ፣ የላሙ መውለድ ተነግሯችሁ፣ እንኳን ደስ ያለህ ብላችሁም ገና ከጎኑ ናችሁ። በዚህኛው ግን አንድ የማውቀው ባለጋሪ አየሁና እጄን አነሳሁ፤ እጄ ሲነሳ እሱ የለም። ሰላምታዬን የተቀበለኝ የማላውቀው አህያ ነው። ወንበሩ ለመሬት ቅርብ ስለሆነም የምታዩት ሰው ሳይሆን የሰው ጉልበት ነው።

“ወደድከው አባዬ?” አለኝ።

“ይሮጣል” አልኩት።

ስንመለስ ሰፈሩ ተሰብስቧል። ብሩክ ደግ ልጅ ነው፤ በሮቹን ከፈተላቸው። ፎቶ ተጀመረ። የከድር ሴት ልጆች ገቡ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ነጠላቸውን እንደለበሱ ገቡ፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዱቄቱን እያራገፈ ገባ፤ ለመግባትም ለመውጣትም ሁለት ሰው ያስፈለገው ወፍራም ሹፌርም ነበር። መብራቱ ለፎቶ ይድመቅ ተብሎ በራ። ሙዚቃውም ተከፈተ። እኛ ምሳ እየበላን ነው። ጎረቤት በእንግዳ ደስ ሲለው በሩን አይዘጉበትም፤ የአገሩ ወግ ነው። ስንጨርስ ሙዚቃው ጸጥ ብሏል።

ባትሪው ሞቷል። ሰፈሩ በፍቅር ጨርሶታል።

ብሩክ ቁልፉን ቢጫን፣ ቢነካካ፣ መኪናው እንደ ድንጋይ ዝም አለ። ያኔ ማንም ማንንም ሳይጠራ የሆነውን ልንገራችሁ። ወንዶቹ ሁሉ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ፤ ከመኪናው ኋላም ተሰለፉ። በእኛ አገር የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ባለቤቱ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ይገፋል።

“ዺባ!” አለ ከድር በኦሮምኛ፤ ግፉ ማለቱ ነው። “ዺባ! ብሩኬ፣ ሁለተኛ አስገባ!”

“ሁለተኛ የለውም ጋሽ ከድር! አውቶማቲክ ነው!”

“እንግዲያው ሦስተኛ አስገባ!”

“ተገፍቶ አይነሳም እኮ! ጎማው ራሱ ተቆልፏል፤ ባትሪ ከሌለ አይለቅም!”

“ጎማ አለው አይደል? ጎማ ያለው ይሄዳል! በሉ ዺባ!”

ገፋን። ገፋን ማለቴ እኔም ጭምር ነኝ፤ ትከሻዬ ራሱ ሄዶ ገባ፤ ከስንት ዘመን በኋላ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያ መኪና መያዣ የለውም። የቮልስ ኋላ ድቡልቡል ነው፤ መዳፍ ይቀመጥበታል፤ መከላከያዋን ጨብጣችሁ ጉልበታችሁን ታስገቡበታላችሁ። ይሄኛው እንደ ዓሣ ያንሸራትታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሎሚው ግን መሸከምን የሚፈቅድ መሆን አለበት። ያ ሁሉ ሰው አቃሰተ፤ መኪናው ጣት ታህል አልሄደም።

ከታች ያለው ጋራዥ ባትሪ ይዞ መጣ። የብርቱካኑ መኪና ባትሪ ያለው ከኋላ ነው። ኋላው የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ያለው ባትሪው ውስጥ ነው። ይህንን ብሩክ ለሰዉ ሲያስረዳ ሁሉም የመኪናውን ኋላ ዞሮ ዞሮ አየ። የከድር ዶሮ እንኳ ቀና ብላ አየች።

“ታዲያ እንዴት ይከፈታል?” አለ ከድር በመጨረሻ።

“ከአዳማ የሚያውቀው ሰው መምጣት አለበት። ደውዬለት ነገ ጠዋት ብሎኛል።”

ከድር እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ እንዲህ አለኝ፦ “ወላሂ፣ ይሄ መኪና አንተን ነው የሚመስለው። ቮልሷን ለምን እንደያዝካት አላውቅም።”

“ምን ለማለት ነው?”

“ሰው ሊገፋህ ቢመጣ ጎማህ ተቆልፏል። ላግዝህ ቢልህ ኋላህ የሚከፈተው ከውስጥ ነው።”

መልስ አልሰጠሁትም። መልስ ብሰጠው ተከፈተ ማለት ነው።

ብሩክ ሰዓቱን አየ። ነገ ማለዳ ሥራ አለው። መኪናውን እዚህ ትቶ በመጨረሻው ሚኒባስ ሊሄድ፣ በማግስቱ ሊመለስ አሰበ። “ባጃጅ ልጥራልህ” አለው ከድር። ብሩክ ግን ዞሮ ቮልሷን አያት።

“ይህቺስ ትነሳለች?”

“እንጃ” አልኩ።

“በሷ መናኸሪያ አታደርሰኝም?”

አሁን ነገሩ ገብቷችኋል። ቮልሷ ከተነሳች ልጄ ይሄዳል፤ አድራሹም እኔው ነኝ። አትነሳም ብል የሚጠይቀኝ የለም፤ ሁለት ክረምት ቆማለች። ቤት ገባሁ፤ ቁልፏን ከአስካለ መሳቢያ አወጣሁ።

“ድንጋዩን አንሳ” አልኩት።

ገብቼ መሪውን ያዝኩ። ጎማው ተንፍሶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልተነፈሰም። ሁለት ክረምት የቆመ ጎማ ደግሞ በራሱ አየር አይሞላም። በመስኮቱ ወደ ከድር ባይ፣ እሱ ጭላሎን ያያል።

ብሩክ ጎንበስ አለ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ወደ ጎን ስቦ አወጣው። ወስዶ ከአጥሩ በር ጀርባ አስቀመጠው። እዚያ አስቀምጠው አላልኩትም። ቮልሷ ሲጢጥ አለች፤ ተንከባለለች። ሮጠ። በሩ ተከፍቶለታል፤ መቼ እንደከፈትኩት አላስታውስም። ዘሎ ሲገባ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ተጋጨ፤ ሳቀም። ሳቁን አውቀዋለሁ። የራሱ አይደለም።

ወረድን። ሞተር በሌለው መኪና ቁልቁለት ወርዳችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ድምፁ የጎማና የድንጋይ ንጣፍ ብቻ ነው። ሁለተኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። አሳላት። ደገምኩ። አንዴ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ጠረገችና ዝም አለች። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ሜዳ በሚሆንበት ቦታ፣ በቀስታ ቆመች። ሁለታችንም አልወረድንም።

ባጃጅ መጥቶ ከጎናችን ቆመ። “ጋሼ፣ ልውሰዳችሁ? መናኸሪያ ከሆነ የመጨረሻው ሚኒባስ እየጫነ ነው።”

ብሩክ እኔን አየ። እኔ የፍጥነት መለኪያውን አየሁ። ዜሮ ይላል።

“አይ ወንድሜ፣ ሂድ” አለው ብሩክ። “ዛሬ አልሄድም።”

እኔ ባጃጁ ሲሄድ አላየሁም። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር መስታወቱ ደብዝዟል።

አመሻሹ ላይ ከከድር ቤት ቅቤው የፈሰሰበት ገንፎ መጣልን፤ እነሱ ማርቃ ነው የሚሉት። ከድር ራሱ ዝናቡን ተከናንቦ ወጣና ድንጋዩን ከአጥሩ በር ጀርባ አንስቶ ከብርቱካኑ መኪና ጎማ ሥር አደረገው። ያ ሁሉ ሰው ገፍቶ ያላነቃነቀውን መኪና እንዳይንሸራተት ነው። “ቁልቁለት ላይ ድንጋይ የሌለው መኪና አያድርም” አለ። ማንም አልተከራከረውም። ብሩክ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ድንጋዩን እናቱ ከየት እንዳመጣችው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ስለ በቆጂ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ለእናንተ ያልነገርኳችሁንም ጭምር።

ጠዋት የአዳማው ሰው መጣ፤ ከፈተው፤ እንዴት እንደከፈተው አላየሁም። አንበሳው እንደገና አስታወከ። ብሩክ አቀፈኝና ገባ። ድንጋዩ ግን ጎማው ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ አወጣሁት። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፦ በዚህ ሁሉ ዓመት ድንጋዩን አንስቼው አላውቅም። ሁልጊዜ መሪው ላይ ነበርኩ። ድንጋይ ይዞ መኪና ሲሄድ ከኋላ ማየት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ከባድ ነው። ድንጋዩን ማለቴ ነው።

መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። ጭሱን ጠበቅሁ፤ በልማድ። እምብዛም ጭስ የለውም። ከወፍጮ ቤቱ ፊት፣ ከቮልሷ ጎን ሲደርስ ቆመ። አንዱ በር ተከፈተ። የሹፌሩ አይደለም።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ። አስካለ ድንጋዩን አስቀምጣ ነበር የምትሮጠው፤ እኔ ማስቀመጡን ረሳሁት። ከበሩ ስደርስም ገባሁ አይባልም፤ ወደቅሁ።

“ድንጋዩን ምን ልታደርገው ነው አባዬ?” አለኝ እየሳቀ።

“ንዳ” አልኩት።

ኢተያ ድረስ ሸኘሁት። ሻይ ጠጣን። እሱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እኔ ወደ አሰላ የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ድንጋዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

“አባባ፣ ድንጋዩ ዕቃ ነው ወይስ ተሳፋሪ?” አለኝ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ።

“የባለቤቴ ነው” አልኩት።

ወደ ተሳፋሪው ዞረና “በሉ ጠጋ በሉላቸው፣ ሁለት ናቸው” አለ።

ሰፈሬ ስደርስ ከድር፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬና የትናንቶቹ ሰዎች ቮልሷን ወደ ኋላ ገፍተው ዳገቱን አውጥተዋታል። ከፊቷ ሆነው በትከሻቸው ደግፈዋት፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ፣ ቆመዋል። “ተው፣ እኔ ሰው አይገፋልኝም” ልል አፌን ከፈትኩ።

“አንተ ሰውዬ!” አለ ከድር። “ድንጋዩን ይዘህ የት ጠፋህ? ሌላ ድንጋይ አደረግን፤ አልያዝ አላት! ትከሻችን አለቀ!”

አፌን ዘጋሁ። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር አስገባሁት፤ ጎድጓዳው ወደ ጎማው፣ ጠፍጣፋው ወደ መሬት። “ልቀቁ” አልኳቸው። ለቀቁ። ቆመች።

ብሩክ መቼ እንደሚመለስ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ብቻ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገን ነው ያቆምናት።